ስኳሩም ግፊቱም ጉልበቱም፦ ብዙ ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ዕድሜያቸው የገፋ እናትና አባት አንድ ሕመም ብቻ ይዞአቸው መድኃኒት ቤት የሚመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው። ግፊት አለ፣ ስኳር ይከተላል፣ ጉልበት ያማል፣ ኩላሊቱም «ትንሽ ደክሟል» ተብሏል። ደብረ ብርሃን ላይ መድኃኒት ሳድል ደጋግሜ የማየው፣ ለአንዱ ሕመም ብለን ያደረግነው ነገር ሌላውን ሲያናጋው ነው። እነዚህን ስህተቶች የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድ የለሽ ቤተሰብ አይደለም፤ እናቱን የሚሳሳላት ልጅ ነው።

ለጉልበት ብሎ ማስታገሻ መግዛት

ከሁሉም ጎጂው ይህ ይመስለኛል። ከመንዝም ከተጉለትም የሚመጡ አረጋውያን ዕድሜ ልካቸውን ዳገት ወጥተው ቁልቁለት ወርደዋል፤ ጉልበታቸው ቢያማቸው አይገርምም። ስለዚህ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል፤ አንዳንዱም «መርፌው ይሻላል» ብሎ ያስወጋል። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመሙን ያስታግሣሉ፣ ግን ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ግፊት ይጨምራል፤ ልቡ የደከመ ሰው እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ወደ ኩላሊት የሚደርሰውንም ደም ይቀንሳሉ። ሰውየው ለግፊቱ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ከሆነ ሦስቱ ተደማምረው ኩላሊቱን በቀናት ውስጥ ክፉኛ ሊጎዱት ይችላሉ፤ በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞት ከሰነበተ። ለልብ ተብሎ አስፕሪን ከታዘዘለት ደግሞ የጨጓራ መድማት ይሰጋል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ለነገ አይባልም፣ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው።

ታዲያ በሕመም ይሙቱ ወይ? አይደለም። ፓራሲታሞል አለ፤ 500 ሚሊ ግራሙ በቀን ከ6 ፍሬ ሳይበልጥ፣ ጉበታቸው ለታመመ ወይም በጣም ለከሱ ሰዎች ሐኪም በሚወስነው ከዚያ ባነሰ መጠን። ጉልበት ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ቅባትም ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሐኪሙን ጠይቆ መሞከር ይቻላል። ምርኩዝ ደግሞ ሰው ከሚያስበው በላይ ይረዳል፤ መያዝ ያለበት ግን ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙዎች በዚያው በሚያመው በኩል ይይዙታል።

የመድኃኒት ፌስታሉን ቤት ትቶ መሄድ

ስኳሩ ሆስፒታል ክትትል አለው፣ ግፊቱ ጤና ጣቢያ፣ ጉልበቱ የግል ክሊኒክ። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ደግሞ በሰው መድኃኒት ትልካለች። ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ሰው የለም። የአንዲት እናትን ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ስንዘረግፈው የግፊት ኪኒኑ አምሎዲፒን ሁለት ቦታ ወጣ፤ ሁለት ፋብሪካ፣ ሁለት ስም፣ አንዱ ቢጫ ሣጥን አንዱ ነጭ። «ይኸ የጤና ጣቢያው ነው፣ ይኸኛው የልጄ» አሉ፤ ሁለቱንም ሳያጓድሉ ይውጣሉ። ከሥር በወረቀት የተጠቀለለ ፕሬድኒሶሎን ነበር፣ ደረታቸው ሲያፍናቸው ከጎረቤት የተሰጣቸው። ስኳሩ ለምን አልወርድ እንዳለ ያኔ ገባን፤ ፕሬድኒሶሎን ስኳርንም ግፊትንም ይጨምራል።

በቀጠሮ ቀን ፌስታሉ ከነሙሉው ይምጣ። የሐበሻ መድኃኒት፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ከጎረቤት የተለመነች ኪኒን ሳትቀር። ሽፈራው ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል ከስኳር ኪኒን ጋር ሲደረብ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ሣጥን ስታነቡም በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ተዉትና ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አወዳድሩ።

አዲስ ምልክት ሁሉ አዲስ በሽታ ነው ማለት

ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ አክታ የሌለው ደረቅ ሳል ያመጣል። እዚህ ደጋ ላይ ማን መድኃኒቱን ይጠረጥራል፤ «ብርድ ነው» ይባልና የሳል ሽሮፕ ይገዛል፣ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። «ኩላሊት ነው» ተብሎ ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድ ይጀመራል፤ ፉሮሴማይድ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ያበዛና ሪህ ይነሣል፤ ለሪሁ ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ከላይ አይተነዋል። አዲስ ነገር ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «በቅርቡ የትኛው መድኃኒት ተጀመረ? የትኛውስ መጠኑ ጨመረ?» ይሁን። በራስ ውሳኔ ማቆም ግን አይደለም፤ ሐኪሙ የሚቀይርበት ሌላ አለው።

ባዶ ሆድ ላይ የስኳር ኪኒን

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አባት ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ከዋጡ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፤ ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ይብሳል። አረጋዊ ላይ ደግሞ የስኳር መውረድ ሁልጊዜ በመንቀጥቀጥና በላብ አይገለጥም። ንግግር መዘባረቅ፣ መፍዘዝ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ ልጅን አለማወቅ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ «አርጅተው ነው» ወይም «መንፈስ ነው» ሲል ሰዓቱ ያልፋል።

መለኪያ ካለ ከ70 በታች ዝቅ ማለት ነው። ሰውየው መዋጥ ከቻለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ከዚያ ምግብ ማብላት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይደረግም። የግሊቤንክላማይዱ ክፋት ተሻለ ሲባል ከሰዓታት በኋላ ስኳሩ ተመልሶ መውረዱ ነው፤ ስለዚህ ቢነቁም ጤና ተቋም ይሂዱ። ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መነጋገር ይገባል። የጸበሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ ሰው ኪኒኑንም ኢንሱሊኑንም ይዞ ይሂድ።

ለቀጠሮ ብሎ ሁሉንም መዝለል

«ነገ ምርመራ አለ፣ ምንም አትቅመሱ» ሲባል የግፊቱም ኪኒን አብሮ ይቀራል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ይለካል፣ ሐኪሙ መጠን ይጨምራል፣ ቤት ሲገባ ሁለቱም ይወሰድና ሰውየው ደጃፍ ላይ ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ የስኳሩ መድኃኒት እስከ ምግብ ይቆይ፣ የግፊቱ በውኃ ይዋጥ ይባላል፤ ክትትል ክፍሉን ቀድሞ መጠየቅ ነው። ያልወሰዱት ካለም ከመለካታቸው በፊት ይናገሩ።

ቁጥሩን እንደ ወጣት ማሳደድ

ብዙ ሕመም ላለበት አረጋዊ የስኳርም የግፊትም ግብ ከጎልማሳ ልጁ ሊላላ ይችላል። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው የስኳር ምርመራ (HbA1c) ለወጣቱ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ሲፈለግ፣ ለእንዲህ ያሉት ከ8 በመቶ በታች በቂ ነው የሚሉ መመሪያዎች አሉ። ቅዳሴ ላይ ቆመው ዓይናቸው የሚጨልምባቸው፣ ከስግደት ሲነሡ የሚንገዳገዱ ካሉ ግፊታቸው ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን ቆመውም እንዲለካ ጠይቁ። የዳሌ ስብራት ከግፊቱ ቀድሞ አልጋ ላይ ያስቀራል።

ኢንሱሊን

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ስለዚህ አንድ ምክር ለሁለቱም አይሠራም። ደጋ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ወቅት ጠርሙሱን መስኮት ሥር አታሳድሩት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተበላሽቷል። ቆላ ላይ ማቀዝቀዣ ከሌለ ውኃ ያረጠበው የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ሥር።

ፉሮሴማይድን ማታ መዋጥ

ሽንት ያስሮጣል፤ ሌሊት በጨለማና በብርድ ወደ ውጭ ያስወጣል። ጠዋት ይወሰድ። ገበያ ወይም ለቅሶ ያለ ቀን ብዙዎች መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ ጭራሹኑ ይዘሉታል፤ ከዚያ ይልቅ ከተመለሱ በኋላ ከሰዓት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ ልቡ ለደከመ ሰው የተዘለለው ቀን በማግስቱ እግሩ ላይ ይታያል።