የጠረጴዛ ስፒከር ችግርና መፍትሄ፦ በነጻ የሚስተካከለው የቱ ነው፣ ገንዘብ የሚያስወጣውስ?

አምፕሊፋየራቸው ውስጣቸው ባለ ትንንሽ የጠረጴዛ ስፒከሮች ላይ ከሚሰሙት ቅሬታዎች አብዛኞቹ የስፒከሩ ጥፋት አይደሉም። ጥፋተኛው ኬብሉ፣ አቀማመጡ ወይም ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ይህን ሳይለይ ውድ ስፒከር የገዛ ሰው የድሮውን ችግር ይዞ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ስለዚህ ከታች ቀድመው የመጡት ያለ ወጪ ወይም በአንድ ኬብል ዋጋ የሚፈቱት ናቸው፤ ስፒከር ከመቀየር ሌላ መላ የሌላቸው ወደ መጨረሻው አሉ።

ከሁሉ በፊት ሁለት ፍተሻ አድርጉ። ቮሉሙን ዝቅ አድርጉና (አለበለዚያ ጧ ይላል) ስፒከሩ እንደበራ የድምፅ ኬብሉን ከጀርባው ንቀሉ፤ ከዚያ ቮሉሙን ወደ ቦታው መልሱ። ጫጫታው ከጠፋ ምንጩ ውጭ ነው፤ ከቀጠለ ስፒከሩ ውስጥ ነው። ቀጥሎ የግራውንና የቀኙን ኬብል አቀያይሩ። ችግሩ ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ኬብሉን ወይም ኮምፒውተሩን ጠርጥሩ፤ ባለበት ከቀረ ስፒከሩን።

ምልክት፦ "እምምም" የሚል ወፍራም ድምፅ፣ ወይም ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ጭርጭርታ

ወፍራምና የማይለዋወጠው "እምምም" የግራውንድ ሉፕ ነው። ኮምፒውተሩም ስፒከሩም በየፊናቸው ከመሬት መስመር ጋር ተገናኝተው፣ በድምፅ ኬብሉ ደግሞ እርስ በርስ ሲያያዙ ቀለበት ይፈጠራል። በቀለበቱ የምትዞር ጥቂት ኤሌክትሪክ በኬብሉ መሸፈኛ ሽቦ ታልፋለች፤ አምፕሊፋየሩም እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላታል። ድምፁ በ50 ወይም በ60 ሄርዝና (ሄርዝ በሰከንድ የሚደረግ የንዝረት ብዛት ነው) በብዜቶቻቸው ላይ ስለሚወድቅ ወፍራም ነው። ማውስ ሲነካ ወይም ጌም ሲከፈት የሚለዋወጠው ቀጭን ጭርጭርታ ደግሞ የኮምፒውተሩ የውስጥ ጫጫታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣውም በዚያው ቀለበት በኩል ነው።

ላፕቶፕ ከሆነ ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ አጫውቱ። ድምፁ እዚያው ከጠፋ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

መፍትሄውን ከርካሹ ጀምሩ። ኮምፒውተሩን፣ ስክሪኑንና ስፒከሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስቡ። ስፒከሩ በዩኤስቢ የሚገናኝ ከሆነ ከሃብ (ከዩኤስቢ ማባዣ) አውጥታችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከተቻለም ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ኦፕቲካል መግቢያ ካለው በእሱ ተጠቀሙ፤ በኦፕቲካል ኬብል ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ ቀለበቱ ይቆረጣል። ይህ ካልሆነ በድምፅ መስመሩ መሃል የሚገባ ባለ ትራንስፎርመር አይሶሌተር (ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለያይ ትንሽ መሣሪያ) ይሠራል፤ ግን በጣም ርካሹ ትንሿ ትራንስፎርመር ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ስለምታሳሳ ሙዚቃ እያጫወታችሁ ሞክሩት። ባላንስድ ኬብል (ሲግናሉን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች ልኮ ጫጫታን የሚያጣፋ) የሚጠቅመው ስፒከሩም ምንጩም ባላንስድ ሲሆኑ ነው። የላፕቶፕ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ባላንስድ አይደለም።

አንድ የማይደረግ ነገር አለ፦ የሶኬቱን የመሬት እግር መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን። እምምታው ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ስፒከሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ብረቱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ የነካው ሰውም የመሬት መስመር ይሆናል።

ምልክት፦ ሙዚቃው አለ፣ ድምፃዊው ግን የለም

አስገራሚ ቢመስልም የተለመደ ነው፤ ጥፋቱም የኬብል ነው። ባለ ሦስት መገናኛ የስቴሪዮ ጃክ በባላንስድ ሞኖ መግቢያ ላይ ሲሰካ፣ ስፒከሩ ግራና ቀኙን እንደ አንድ ሲግናል ሁለት ገጽ ይቆጥራቸውና አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል እኩል የተቀዳው፣ ማለትም የድምፃዊው ድምፅ፣ ቤዝና ከበሮ፣ ተቀናንሶ ይጠፋል። የሚያስፈልጋችሁ በአንድ ጫፉ 3.5 ሚሊ ሜትር ስቴሪዮ፣ በሌላው ሁለት 6.35 ሚሊ ሜትር ሞኖ ጃክ ያለው ኬብል ነው።

ድምፃዊው ኖሮ ነገር ግን ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ቤዙም የሳሳ ከሆነ ሽቦ ተገለባብጧል። አምፕሊፋየሩ በአንዱ ሳጥን ውስጥ ብቻ ባለበት ስፒከር፣ ወደ ሁለተኛው የሚሄደው ቀይና ጥቁር ሽቦ በአንዱ ጫፍ ብቻ ተዛውሮ ይገባል። አጥፉት፣ ሽቦዎቹን አስተካክሉ፣ የአንድ ሰው ንግግር አጫውቱ። ድምፁ ከሁለቱ መሃል፣ ከስክሪኑ የሚወጣ መስሎ መሰማት አለበት።

ምልክት፦ ቤዙ ያብጣል፣ ንግግር ይታፈናል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው። "ስፒከሩ ጥራት የለውም" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የግድግዳውና የጠረጴዛው ሥራ ነው።

ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ እስከ 6 ዴሲቤል (የጩኸት መጠን መለኪያ) ሊጨምር ይችላል፤ ጥግ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ከዚህ ጋር ጉድለትም ይመጣል። ከግድግዳው የተመለሰው ድምፅ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር ተጋጭቶ አንዱን ድግግሞሽ ያጠፋዋል። የትኛውን እንደሆነ ለማስላት 343ን በርቀቱ አራት እጥፍ አካፍሉ፤ ርቀቱ ከስፒከሩ ፊት እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ በሜትር ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጉድለቱ 171 ሄርዝ አካባቢ ይወድቃል፤ የወንድ ድምፅ ሙላት ያለበት ቦታ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 343 ሄርዝ ይወጣል፤ እዚያ ስፒከሩ ወደ ኋላ የሚረጨው ስለሚቀንስ ጉዳቱ ይለዝባል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚሻለው ወደ ግድግዳው ማስጠጋትና የበዛውን ቤዝ በማስተካከያው መቀነስ ነው። ስፒከሩ አየር የሚያስወጣበት ቀዳዳ ከኋላ ከሆነ ግን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መተንፈሻ ተዉለት።

ጠረጴዛው ደግሞ ሁለተኛ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ብዙ በማያርቃቸው ልክ ስፒከሮቹን ወደ ጠረጴዛው የፊት ጠርዝ ሳቡ፤ ከፊታቸው የሚቀረው እንጨት ባነሰ መጠን የሚመለሰውም ያንሳል። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ጆሯችሁ ትክክል እስኪደርስ በማቆሚያ አንሱ፤ ማቆሚያ ከሌለ የፊቱን ጠርዝ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ላይ አዘንብሉት። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ ጆሮ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ለጠረጴዛ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ማስተካከያው ሂዱ። ከጀርባው የቤዝ መቀነሻ ካለ በ2 ዴሲቤል ጀምሩ። ከሌለው ዊንዶውስ ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያንኑ ይሠራል። የበዛውን ቀንሱ እንጂ የጎደለውን ለመሙላት አትሞክሩ፤ በግጭት የጠፋ ድግግሞሽ ሲጨመርለት የሚመለሰውም አብሮ ስለሚጨምር የሚደክመው ዉፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክፍል) ብቻ ነው።

አጫጭር ጉዳዮች

ሙዚቃው ዝግ ብሎ ሲጫወት ስፒከሩ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ አልተበላሸም፤ ኃይል ቆጣቢው ሲግናሉን "የለም" ብሎታል። የኮምፒውተሩን ቮሉም ከፍ፣ የስፒከሩን ዝቅ አድርጉ፣ ወይም ኃይል ቆጣቢውን ዝጉት። በቪዲዮ ላይ ከንፈርና ድምፅ የማይገጥሙ ከሆነ ብሉቱዙ ነው፤ ኬብል ተጠቀሙ። ቮሉሙ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ስፒከሩን ነቅላችሁ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ ረጭታችሁ ከዳር እስከ ዳር ደጋግማችሁ አዙሩ። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ፊውዙን እዩ። ከዚያ ያለፈውን ለባለሙያ ተዉት፤ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልት ይዞ ይቆያል።

ምልክት፦ ጸጥ ሲል "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ

የድምፅ ኬብሉ ተነቅሎም ከቀጠለ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ነው። ቮሉሙን ስትቀንሱ አብሮ ከቀነሰ ዕድለኛ ናችሁ፦ የኮምፒውተሩን ቮሉም 90 በመቶ ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን ዝቅ አድርጉ። ቮሉሙ ዜሮ ላይ ሆኖም ያው ከሆነ ግን ሹክታው የሚፈጠረው ከቮሉሙ በኋላ ባለው ክፍል ነው፤ ኬብልም አይሶሌተርም አይነካውም። ያለው ምርጫ መራቅ (ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል) ወይም መቀየር ነው። ሱቅ ውስጥ ይህ አይሰማም፤ ጫጫታ ይውጠዋል። ስለዚህ ሌሊት ክፍላችሁ ውስጥ፣ መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ አዳምጡት።

ምልክት፦ ጥልቅ ቤዝ የለም፣ ሲጮህ ይንጫጫል

ይህ ፊዚክስ ነው። በአንድ ዓይነት ጩኸት ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ ዉፈሩ አራት እጥፍ አየር መግፋት አለበት። የ3 ወይም የ3.5 ኢንች ዉፈር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት መንገድ ቶሎ ያልቃል። ባለ 3.5 ኢንቹ ፕሪሶነስ ኤሪስ እንኳ በወረቀቱ ከ80 ሄርዝ ይጀምራል፤ የቤዝ ጊታር የታችኛው ክር ግን 41 ሄርዝ ነው። የቤዝ መጨመሪያ ተጭናችሁ ከሆነ አጥፉት፤ ንጫጫታው ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። ከዚያ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ ወይ 5 ኢንች ግዙ፣ ወይ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ ላይ የሚረከብ ሰብዉፈር (ለጥልቅ ቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ጨምሩ።

ዋትን ግን አትግዙ። ዋት በእጥፍ ሲያድግ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት የሚባል ከፍተኛ ዋት) የሚል ቁጥር ደግሞ ምንም አይነግራችሁም። "ከ50 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ" የሚል ጽሑፍም ስንት ዴሲቤል እንደሚዋዥቅ አብሮ ካልጻፈ ዋጋ የለውም።

ምልክት፦ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ

ፊታቸው ወደ ጆሯችሁ በቀጥታ ከዞረ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ አዙሯቸው፤ የትዊተሩ ስለት ይቀንሳል። "ሰ" እና "ሸ" አሁንም የሚወጉ ከሆነ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሄርዝ ባለው ላይ 2 ዴሲቤል ቀንሱ። መውጋቱ ጭንቅላት ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ዉፈሩና ትዊተሩ በደንብ አልተጋጠሙም። በጣም ርካሽ ስፒከሮች ውስጥ የሁለቱ መለያ ትዊተሩ መስመር ላይ የገባ አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው፤ ይህ አይጠገንም።

መቀየር ካለበት ገንዘቡ የት ይግባ?

እንደ ኤዲፋየር አር1280ቲ ያሉት 4 ኢንች ዉፈር፣ የቤዝና የትሪብል (የቀጭን ድምፅ) ማዞሪያ ይሰጣሉ፤ ለፊልምና ለዕለት ሙዚቃ ከዚህ በላይ ማውጣት ግዴታ አይደለም። አይላውድ ማይክሮ ሞኒተር ዉፈሩ 3 ኢንች ቢሆንም ለዉፈርና ለትዊተር የተለያየ አምፕሊፋየር፣ ዲጂታል ማስተካከያና ድምፁን ለጠረጴዛ አቀማመጥ የሚያስተካክል ማብሪያ አለው። ጄኔሌክ 8010ም 3 ኢንች ነው፤ መግቢያው ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የባላንስድ መሰኪያ) ብቻ ስለሆነ የኦዲዮ ኢንተርፌሱን (ከኮምፒውተሩ ባላንስድ ድምፅ የሚያወጣውን መሣሪያ) ዋጋ አብራችሁ አስሉ። ከርካሽ 3 ኢንች ወደ ውድ 3 ኢንች ስትሄዱ የምትገዙት የድምፅ እኩልነት ነው፤ ጥልቀት አይደለም። ጥልቀት የጎደለው ሰው በዚያው ገንዘብ መካከለኛ 5 ኢንች ቢገዛ ይሻለዋል፣ ጠረጴዛው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሳጥን ከቻለ።

ሁለት ጥንድ ስታወዳድሩ ጎን ለጎን አትደርድሯቸው፤ አንዱን አንስታችሁ ሌላውን እዚያው ቦታ ላይ አስቀምጡ። ጩኸታቸውንም እኩል አድርጉ፤ በጥቂቱ የሚጮኸው ሁልጊዜ "ጥራት ያለው" መስሎ ይሰማል። ፒንክ ኖይዝ (ለመለኪያ የሚያገለግል የማያቋርጥ የሹክታ ድምፅ) አጫውቱ፣ የስልክ የድምፅ መለኪያ ጆሯችሁ በሚሆንበት ቦታ ያዙ፣ ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል በታች እስኪሆን ቮሉሙን አስተካክሉ።