መስክ ላይ የወጣ የሥጋ ዶሮ ሲጠወልግ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሔው

ሣር መድኃኒት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ዶሮዎቹን ከቤት አውጥቶ መስክ ላይ ካሰማራ በኋላ በሽታ የሚባል ነገር ያበቃ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ሦስት አራቱ ላባቸውን ነፍተው ይቆማሉ። ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል፤ መድኃኒት ቤት ተኪዶ ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ተገዝቶ ውሃ ላይ ይበተናል።

ረጋ ይበሉ። መስክ ላይ የሚያድግ የሥጋ ዶሮ ችግር አብዛኛው የሚመጣው ከቆመበት መሬት፣ ካገኘው ብርድ ወይም ከዕድገቱ ፍጥነት ነው። ሦስቱንም አንቲባዮቲክ አያስተካክላቸውም።

ስለ ሁለት ዓይነት ዶሮ ነው የማወራው። አንዱ ነጩ ብሮይለር ነው፤ ኮብ 500 እና መሰሎቹ፣ በ6 ወይም በ7 ሳምንት ለቢላ የሚደርሱት። ሌላው ሳሶ ነው። ቀለም አለው፣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ መስክ ላይ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። የሚታመሙበትም መንገድ ይለያያል።

ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተው አደሩ

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። ጫጩት ላባ እስኪያወጣ ራሱን ማሞቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። ቴርሞሜትር ከሌለ አኳኋናቸውን ይዩ። አምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ጎን ከተለጠፉ በሌላው ጎን ነፋስ እየገባ ነው።

መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት የተለመደ ነው። ቤቱ ግጥም ተደርጎ ከተዘጋ ግን ከብርዱ ይልቅ የከሰሉ ጋዝ ይጨርሳቸዋል። ከጣሪያው ሥር አየር መውጫ ይተዉ።

ወደ መስክ የሚወጡት ጀርባቸው ላባ ሲለብስ ነው፤ 3 ሳምንት፣ ደጋ ከሆነ 4 ሳምንት ሲሞላቸው። ከመውጣታቸው በፊት ባሉት ቀናት አምፖሉን ቀን ቀን እያጠፉ ያለማምዷቸው። ለሌሊቱ ደረቅ ጭድ ይጎዝጉዙ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሸራ ያልብሱ። የቤቱን ጥጎች በካርቶን ክብ ማድረግም ይረዳል። ሲደነግጡ ተተፋፍነው የሚሞቱት ጥግ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደጋ ላይ ብሮይለር ባይወጣ ይሻላል ባይ ነኝ። ጭቃውና ብርዱ ከሣሩ ጥቅም ይበልጣል።

ኩሱ ውስጥ ደም ታየ

ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ከሆነ፣ ክንፋቸውን ጥለው ዓይናቸውን ጨፍነው ከቆሙ፣ ጉዝጓዙ ላይም ቀይ ቅዘን ካለ ኮክሲዲዮሲስ ነው ብለው ይጠርጥሩ። መንስኤው አንጀት ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ይወጣል። እንደወጣ ወዲያው አይበክልም። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይበስላል፤ መሬቱን የሚጭረው ዶሮም ይውጠዋል። አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። በረኪና አይገድለውም።

ተንቀሳቃሹ ቤት በየቀኑ ይንቀሳቀስ የሚባለው ለዚህ ነው። ተሕዋሲው ሲበስል ዶሮዎቹ ቦታውን ለቅቀዋል። ቤቱ ውድ መሆን የለበትም። ከአጣናና ከሽቦ ይሠራል፣ ግማሹ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ወለል አያስፈልገውም፣ ሁለት ሰው ይጎትተዋል። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነውን ከ50 ዶሮ በላይ አይክተቱበት። ያረፉበትን ቦታ በዚያው ዓመት አይመለሱበት።

ዶሮዎቹን አጥር ውስጥ ለቅቆ «መስክ ላይ ናቸው» የሚል ሰው አለ። ሣሩ አልቆ መሬቱ ከተራቆተ ግን መስክ መሆኑ ቀርቷል፤ ጣሪያ የሌለው የዶሮ ቤት ነው፣ ያውም ሊጠረግ የማይችል።

ከታመሙ መድኃኒቱ አምፕሮሊየም ነው። በውሃ ይሰጣል፤ መጠኑና ቀኑ ዕቃው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። በሕክምናው ቀናት ሌላ ውሃ አያግኙ። አንድ ስህተት በብዛት ይሠራል፤ «ይጠንክሩ» ተብሎ ቫይታሚን አብሮ ይበጠበጣል። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተሕዋሲው ቫይታሚን ቢ1ን እንዳያገኝ በመከልከል ነው። ቢ1 ያለበትን ቫይታሚን አብሮ መስጠት መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ቫይታሚኑ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይድረስ። መጠጫውንም ወደ ዶሮዎቹ ጀርባ ከፍታ ያንሱት፤ በዙሪያው የሚፈጠረው ጭቃ ዋናው የበሽታው መራቢያ ነው።

ሆዱ አብጦ ያለከልካል፣ ኩክኔው ጠቁሯል

ይህ የደገኛው ብሮይለር ችግር ነው። ትልልቆቹና ያማሩት ናቸው ቀድመው የሚሞቱት። የሞተው ሲከፈት ሆዱ ውስጥ ቢጫ ውሃ ይፈሳል፣ ልቡም ተልቆ ይገኛል። ብዙዎች መርዝ ወይም ቡዳ ይጠረጥራሉ። ነገሩ የአየር ጉዳይ ነው።

ብሮይለር በፍጥነት እንዲያድግ የተዳቀለ ነው። ሥጋው ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ሳንባውና ልቡ ግን በዚያው ልክ አላደጉም። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። ልብ ደሙን ወደ ሳንባ ለመግፋት ይታገላል፣ ይደክማል፣ ውሃው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል፤ የበረደው ዶሮ ለመሞቅ ተጨማሪ ኦክስጅን ያቃጥላል።

ሆዱ ያበጠው አይድንም፤ ለሽያጭም አይሆንም፣ ያስወግዱት። የቀሩትን ለማትረፍ ዕድገታቸውን ቀዝቀዝ ማድረግ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መኖውን ማታ አንስተው ጠዋት ይመልሱ። እንክብል መኖ ሳይሆን ዱቄቱን ይስጡ። ብርድ ይከላከሉ፣ ግን አየር አያፍኑ። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ጀማሪ የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ሳሶ ይግዛ። ሳምንታቱ ይረዝማሉ፣ ግን ገበያው ይክሳል። የበዓል ገዢ ቀለም ያለውን፣ ጠንከር ያለውንና በቁሙ የሚያየውን ዶሮ ነው የሚመርጠው።

ጤነኛ የሚመስል ትልቅ አውራ በድንገት ተፈራግጦ በጀርባው ከተገኘም ዘመዱ ይኸው ነው፤ የዕድገት ፍጥነት። በተለይ የሽያጭ ጊዜው ያለፈበት ብሮይለር ላይ ይበዛል። ስለዚህ ጫጩት ከመግዛት በፊት ቀን መቁጠሪያ ይዩ። ብሮይለሩ ሁዳዴ መካከል ላይ ከደረሰ ገዢ የለም፤ መኖው ይነጉዳል፣ ዶሮውም በክብደቱ ይሞታል። ለገና የሚሆን ሳሶ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ይገባል። ወደ መስክ ሲወጣም ዝናቡ ቆሟል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም።

ይበላል እንጂ አይወፍርም

ሣር ለሥጋ ዶሮ ሰላጣ ነው፣ እንጀራው መኖው ነው። ማገጥና ሰርዶ ይለቅማል፣ ትል ይለቅማል፤ ሥጋ ግን በእነሱ ብቻ አይሠራም።

ሒሳቡን እንየው። ለጋ ብሮይለር መኖው ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ ፕሮቲን ይፈልጋል። በቆሎ 9 በመቶ ገደማ፣ ፉርሽካ 16 በመቶ ገደማ አለው። ሁለቱን እንዴትም ቢደባልቁ ከ16 አይዘልም። ወጪ ለመቀነስ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የሚያበላ ሰው ዶሮው «አልሆነለትም» ሲል የምሰማው ለዚህ ነው። የኑግ ፋጉሎ ወይም የአኩሪ አተር ፋጉሎ መግባት አለበት። አኩሪ አተሩ ጥሬ ከሆነ ይቆላ፤ ጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን ያግዳል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት ግን የተዘጋጀ ስታርተር (የጫጩት መነሻ መኖ) ይግዙ። እዚያ የተቆጠበ ብር በኋላ አይመለስም።

መኖው ትክክል ሆኖ ካልወፈሩ በቆሎውን ያሽትቱ። የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን ይይዛል፤ ጉበት ይጎዳል፣ ዕድገት ያቆማል። ማጠብም ሆነ ማስጣት አያነጻውም። ለላምም አይስጡት፣ ወተቱ ውስጥ ይገባል።

አንገቱ ተጠማዘዘ፣ ባንዴ ብዙ ሞተ

አረንጓዴ ቅዘን፣ ማለክለክ፣ የተጠማዘዘ አንገት፣ ከዚያ በጅምላ መሞት። ፈንግል ነው። መድኃኒት የለውም፣ ያለው ክትባት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ1 የተባለው ክትባት በዓይን ይንጠባጠባል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ላሶታ የተባለው በውሃ ይሰጣል። ጉምቦሮ የተባለውን ሌላ የቫይረስ በሽታ የክትባት ፕሮግራምም ከባለሙያ ይጠይቁ።

«አስከትቤ ነበር» የሚል ሰው ክትባቱ እንዴት እንደተሰጠ ይጠየቅ። ከበረዶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ክትባት አይሠራም። ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃም ይገድለዋል፤ የጉድጓድ ውሃ ይሻላል። ዶሮዎቹ አስቀድመው ትንሽ ይጠሙ፣ ክትባቱም በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ። ደግሞ ከገበያ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ ከቀሩት ጋር አይቀላቀል። ፈንግል ግቢ ውስጥ የሚገባበት ሰፊው በር እሱ ነው።

እግሩ አልሸከም አለው

አንዱ እግር ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ከተዘረጋ ማሬክስ የተባለው ነርቭ የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። አይድንም፤ ክትባቱ የሚሰጠው በአንድ ቀን ዕድሜ ማስፈልፈያው ውስጥ ስለሆነ ሲገዙ ይጠይቁ። ሁለቱም እግር ከተልፈሰፈሰ መኖው ካልሲየም፣ ፎስፈረስ ወይም ቫይታሚን ዲ ሳይጎድለው አይቀርም። ክብደት ብቻ የጣለው ብሮይለርም አለ፤ እሱን ቀድሞ ማረድ ነው።

ጠዋት ሲቆጠሩ ጎደሉ

ቀን ከጠፉ ጭልፊት፣ ሌሊት ከሆነ ሸለምጥማጥ ይጠርጥሩ። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ለዶሮ እንጂ ለሸለምጥማጥ አልተሠራም። ከታች በኩል ጠንካራ ሽቦ ይምቱ፣ ቤቱና መሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በድንጋይ ይድፈኑ።

ምክንያቱ ካልታወቀ

አሁን የሞተውን በድርብ ላስቲክ ጠቅልለው፣ በበረዶ አቀዝቅዘው (ራሱ በረዶ ሳይሆን)፣ ሊሞት ያለውን ደግሞ በሕይወቱ እንዳለ በዕለቱ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም ወደ ክልሉ ላቦራቶሪ ይውሰዱ። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ቅርብ ነው። ዕድሜያቸውን፣ የተከተቡትንና የበሉትን ጽፈው ይያዙ። የቀረውን ሬሳ በጥልቅ ይቅበሩ፣ ለውሻ አይጣል። ባለሙያው አንቲባዮቲክ ካዘዘ ከመታረዳቸው በፊት ስንት ቀን መቆየት እንዳለባቸው ይጠይቁ። በበዓል ዋዜማ የተጀመረ መድኃኒት ካለ ሽያጩ ከበዓሉ በኋላ ነው።