«ቢሄቪየራል ሄልዝ» የሚለውን በር አይታችሁ አትለፉ

አሜሪካ በገባሁ በሰባተኛው ወር ይመስለኛል፣ ልቤ ያለቅጥ መምታት ጀመረ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ኢመርጀንሲ ሮጥኩ። ሁለቴም የምርመራውን ሽቦ ደረቴ ላይ ለጣጥፈው «ልብህ ደህና ነው» ብለው ሸኙኝ። በሁለተኛው ዙር አንዲት ነርስ ወረቀት ሰጠችኝ። የሆስፒታሉ «ቢሄቪየራል ሄልዝ» ክፍል ስልክ ነው። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው «የባህሪ ጤና ክፍል» አለኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ «ባህሪዬ ምን ሆነና? ማንን ሰደብኩ?» ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። አራት ወር እዚያው ጃኬት ውስጥ ከረመ።

ስለዚህ ከስሙ ልጀምር። እዚህ አገር ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና የሚሰጡበትን ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ከጸባይ ጋር አይገናኝም። ጭንቀት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በስደት መንገድ ወይም በጦርነት ያያችሁት ነገር ሌሊት እየመጣ ሲያባንናችሁ፣ መጠጥ፣ ክኒን፣ ቁማር፤ ሁሉም የሚታየው እዚያ በር ውስጥ ነው።

እኛ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አማኑኤል ነው። «ይሄማ አማኑኤል ነው የሚያስፈልገው» ስድብ ሆኖ ነው ያደግነው። እዚህ ወደዚያ ክፍል የሚገባው አብዛኛው ሰው ግን ተመላላሽ ነው። አንድ ሰዓት አውርቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ለይቶለት የሚተኛው ጥቂቱ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። እንላለን እንጂ እንደብቃለን። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ የምንደብቀው ከሐኪሙ አይደለም፣ ከሐበሻ ነው። አገር ቤት ቢያንስ እናት ወይም ጎረቤት «ምነው ከሳህ» ብሎ ይጎተጉታል፣ እጅህን ይዞ ሐኪም ቤት ይወስድሃል። እዚህ ማንም አይጎተጉትም። አፍ አውጥታችሁ ካልተናገራችሁ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ሐበሻ ሳይሰማ ለሐኪሙ መናገር ግን ይቻላል። ዋናው ቁም ነገሬ እሱ ነው።

በየት በኩል ይገባል?

ቀላሉ መንገድ የዘወትር ሐኪማችሁ ነው። ለደም ግፊትም ለጉንፋንም ስትሄዱ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽ ይሰጧችኋል። «ፒኤችኪው ናይን» ይባላል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፋችሁ፣ ምግባችሁ፣ ጉልበታችሁ፣ ስሜታችሁ እንዴት እንደነበር ይጠይቃል። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሙ ቆም ብሎ ያነጋግራችኋል። አብዛኞቻችን ሳናነብ «ምንም የለም» የሚለውን ከላይ እስከ ታች አክብበን እንመልሰዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ያ ወረቀት ግን ሪፈር የሚያጽፈው ወረቀት ነው። በእውነት ሙሉት።

ሁለተኛው በቀጥታ መደወል ነው። የኢንሹራንስ ካርዳችሁን ገልብጡት። ብዙዎቹ ካርዶች ላይ ለብቻው «ቢሄቪየራል ሄልዝ» የሚል ስልክ አለ።

ሦስተኛው የአደጋ ጊዜ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ፣ ወይም ነገሩ ከአቅም በላይ ሲሆን፣ 988 ላይ ይደወላል። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አገሪቱ የሚሠራ አጭር ቁጥር ነው፤ ሌሊትም ቀንም ይነሳል፣ ክፍያ የለውም፣ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ለሌላ ሰው ተጨንቃችሁም መደወል ትችላላችሁ። ሰውየው ራሱን ሊጎዳ እጁን አንስቶ ከሆነ፣ ወይም ክኒን ውጦ ከሆነ ግን 911 ነው። ኢመርጀንሲ ክፍል ደግሞ ከ1986 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት ኢንሹራንስ የለህም ብሎ ሳይመረምር ሊመልስ አይችልም።

አስተርጓሚው ማን ይሁን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። የአክስት ልጅ ይዞ መሄድ ይቅር። የራሳችሁን ልጅ ማስተርጎም ደግሞ ፈጽሞ ይቅር። የአሥር ዓመት ልጅ እናቱ መኖር እንዳስጠላት በራሱ አፍ ሊያስተረጉም አይገባም። ሕጉም ይከለክላል፤ ሕይወት የሚያሰጋ አስቸኳይ ነገር ካልሆነ በቀር ሆስፒታሉ በልጅ ማስተርጎም አይፈቀድለትም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። «የራስህን ሰው ይዘህ ና» ሊላችሁም አይችልም።

«አስተርጓሚውስ ሐበሻ አይደል?» የሚል ስጋት አለ። ልክ ነው፣ ሐበሻ ነው። ነገር ግን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ይህን ቢያፈርስ እንጀራውን ያጣል። ከተማው ትንሽ ሆኖ ከፈራችሁ በአካል የሚመጣውን ተዉትና በስልክ ይሁንልኝ በሉ። በስልክ የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ቤቱ ቁጭ ያለ ሰው ነው። ፊታችሁን አያይም። ሴት ወይም ወንድ ይሁንልኝ ማለትም ትችላላችሁ፤ ሁልጊዜ ባይገኝም ይሞክራሉ። ድምጹን ካወቃችሁት «ይቀየርልኝ» በሉ። ነውር የለውም።

ስትናገሩ ደግሞ የምታደርጉትን ተናገሩ። «ይጨንቀኛል» ብቻ ካላችሁ ጭንቀት ይሁን ፍርሃት ይሁን ኑሮ ይሁን አይለይም። «ሌሊት እባንናለሁ፣ ከዚያ አይነጋልኝም፣ ለሦስት ቀን ሥራ ቀረሁ» ሲባል ግን ሐኪሙ ይጽፋል። ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። በእኛ አቆጣጠር «ሌሊት 9 ሰዓት» ያላችሁትን አስተርጓሚው እንዳለ ካስተላለፈው ገና ከምሽቱ ሆኖ ይመዘገባል። ክኒን ላይ ሲሆን ደግሞ ቀልድ አይደለም። «በእነሱ 8 ሰዓት፣ በእኛ 2» እያላችሁ አረጋግጡ።

አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ? እኛ «ሞቼ ባረፍኩት» ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ብልሽትም እንላለን። እሱ በእንግሊዝኛ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ለዩት። አባባል ከሆነ አባባል ነው በሉ። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ እንዴትና መቼ ብላችሁ እስከ ማሰብ ደርሳችሁ ከሆነ፣ ሳትደብቁ ተናገሩ። ስለተናገራችሁ ብቻ አይቆልፉባችሁም። ያለፈቃድ የሚያስተኙት አደጋው ቅርብ ሆኖ ሲታያቸው ነው። ሕጉ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያው ጊዜ እስከ 72 ሰዓት ነው።

ፋይላችሁን ማን ያያል? ቀጣሪያችሁ አያይም። ማኅበሩም ዕድሩም አያይም። መጀመሪያ ቀን «ሪሊስ ኦፍ ኢንፎርሜሽን» የሚባል ወረቀት ያስፈርሟችኋል፤ ከማን ጋር ስለ እናንተ እንድናወራ ትፈቅዳላችሁ ማለት ነው። ባዶውን መተው ይቻላል። የሚስታችሁን ስም ብቻ መጻፍም ይቻላል። የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የበለጠ ጥበቃ አለው። «ፓርት 2» ይሉታል። ያለ ፈቃዳችሁ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እናንተን ለመክሰስ አያውሉትም። ምስጢሩ የሚነሳው ራስን ወይም ሌላ ሰውን የመጉዳት አደጋ ሲኖር፣ ወይም ሕጻን እየተጎዳ መሆኑ ሲሰማ ነው። ገና ግሪን ካርድ ያልያዛችሁ ከሆናችሁና ነገራችሁ ከዕፅ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ለኢሚግሬሽኑ የጤና ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ዕፅ መጠቀም እዚያ ይጠየቃል። ሕክምናችሁን ግን በዚህ ምክንያት አታዘግዩ፤ ማቆማችሁን የሚያሳይላችሁ ያው ሕክምናው ነው።

ሱስ ሲሆን

ከመጠጥ ልጀምር፣ ምክንያቱም የሚገድል ስሕተት የምንሠራው እሱ ላይ ነው። ለወራት በየቀኑ የጠጣ ሰው ተስሎም ሆነ ተናድዶ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ ብቻውን ቤት ዘግቶ ማቆም የለበትም። ሰውነቱ ለምዶታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት ይከተላል፤ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ዲቶክስ የሚባለው ለዚህ ነው። ጥቂት ቀን መድኃኒት እየሰጡ፣ እየተከታተሉ ያወርዱታል። እጁ ጠዋት ጠዋት የሚንቀጠቀጥ፣ ሲቀምስ የሚረጋጋ ሰው ካለ፣ «ጎበዝ፣ ወንድ ሁንና አቁም» አትበሉት። ሐኪም ቤት ይዛችሁት ሂዱ።

ዲቶክስ መጨረሻ አይደለም፣ መግቢያ ነው። ከዚያ በኋላ «ኢንቴንሲቭ አውትፔሸንት» የሚባል አለ፤ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያ በላይ በቡድንና በግል ይሠራል፣ ማታ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። የምሽት ክፍለ ጊዜ ያላቸው ስላሉ ለሠራተኛ ይመቻል። የመጠጥን አምሮት የሚያበርድ ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒትም አለ። ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ቡድኑ ውስጥ «ፒር ስፔሻሊስት» የሚሉት ሰው ታገኛላችሁ። ራሱ በሱስ አልፎ፣ አገግሞ፣ ሠልጥኖ የተቀጠረ ነው። እኔ እንደታዘብኩት ከዲግሪው ሁሉ የሱ ቃል የሚሰማበት ጊዜ ይበልጣል።

ጫት ሌላ ጣጣ አለው። ሐኪሙ ጫትን ላያውቀው ይችላል። «አነቃቂ ቅጠል ነው፣ ውስጡ ካቲኖን አለው» በሉት፣ ይገባዋል። ካቲኖን እዚህ አገር ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ የተከለከለ ነው፤ «ቅጠል ነው ባክህ» ኤርፖርት ላይ አይሠራም። ሲተዉት እንደ መጠጥ አይገድልም፤ ግን ድብርት፣ እንቅልፍ፣ ክፉ ሕልም ይመጣል። ብዙ ሰው ወደ ጫቱ የሚመለሰው በዚያ ድብርት ነው፣ ስለዚህ ለሐኪሞቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ክኒን ደግሞ ከጓደኛ እጅ አትቀበሉ። መንገድ ላይ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፌንታኒል የሚባል፣ በጥቂቱ የሚገድል ዕፅ የተቀላቀለበት ነው። ወደ ኦፒዮይድ፣ ማለትም ወደ ሄሮይን፣ ፌንታኒልና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ክኒን የገባ ሰው ካለ፣ ይህን ሱስ የሚያክመውን ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት ለማዘዝ ይጠየቅ የነበረው ልዩ ፈቃድ በ2022 መጨረሻ ስለተነሳ የዘወትር ሐኪማችሁም ሊያዝላችሁ ይችላል። በእነዚህ ዕፆች ትንፋሽ ሲቆም የሚመልሰውን በአፍንጫ የሚረጭ ናርካን ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ፋርማሲ መግዛት ይቻላል። ቁማርም ሱስ ነው። ስልክ ላይ ኳስ ማስያዝ ከ2018ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ በብዙ ስቴት ተከፍቷል፤ የስንቱን ሾፌር የቀን ገቢ እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይኸው ክፍል ያክመዋል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የመጀመሪያው ቀን «ኢንቴክ» ነው፤ አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ጥያቄ ብቻ። መድኃኒት ሳይሰጧችሁ ቢሸኟችሁ ተናቃችሁ ማለት አይደለም። ቴራፒስቱ ያወራል፣ መድኃኒት የሚያዝዘው ሳይካትሪስቱ ወይም ነርስ ፕራክቲሽነሯ ናት። ቀጠሮ ሩቅ ከሆነ «ካንሰሌሽን ሊስት» ላይ አስገቡኝ በሉ፤ ሌላ ሰው ቀጠሮውን ሲሰርዝ ይደውሉላችኋል። የድብርት መድኃኒት አብዛኛው ለመሥራት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ለዚህ ነው የእኛ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው። ሳትነግሯቸው አታቋርጡ። ጸበል ልትገቡ ወይም ልትጾሙ ከሆነም ንገሯቸው፤ ጸበሉንም ክኒኑንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፣ ክኒኑን ጥሎ መግባት ነው አደጋው።

ሂሳቡ ሲመጣ አትደንግጡ፣ አትደብቁትም ደግሞ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች «ፋይናንሺያል አሲስታንስ» የሚባል፣ መክፈል ለማይችል ሰው ሂሳብ የሚቀነስበት የጽሑፍ መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ለማመልከት ከመጀመሪያው ቢል ቀን ጀምሮ ቢያንስ 240 ቀን አላችሁ። የደመወዝ ወረቀት ይዛችሁ ሶሻል ወርከሯን ጠይቁ። የኮሚዩኒቲ ጤና ጣቢያዎችም በገቢያችሁ ልክ ነው የሚያስከፍሉት።

ስትደውሉ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ይቺ ትሁን፤ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ»። ስም እንኳ ሳትናገሩ ይቺን በሉ። ከዚያ መስመሩ ጭጭ ይላል። አንድ ደቂቃም ሁለት ደቂቃም ሊሆን ይችላል፤ የተቆረጠ ይመስላል። አልተቆረጠም፣ አስተርጓሚ እየፈለጉ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ዘግቼዋለሁ። እናንተ አትዝጉት።