በደብራችሁ ያለውን ጥበብ እንዴት ትይዙታላችሁ?

ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ «የኪነ ጥበብ ክፍል እናቋቁም» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ድራማና ሞንታርቦ ነው። ድራማው አይከፋም። ግን ጎንደር ላይ ተቀምጦ ከዚያ መጀመር የጓሮን ጎመን ትቶ ገበያ እንደመውጣት ነው። አርባ አራት ታቦት በሚባልበት ከተማ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ አለ፣ ቅኔው ማኅሌት ላይ አለ፣ ብራናው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። ካለው ጀምሩ።

መጀመሪያ መዝግቡ። አስተዳዳሪውን አስፈቅዱና ከቄሰ ገበዙና ከዕቃ ቤት ጠባቂው ጋር ቀጠሮ ያዙ። ደብተር፣ ሜትርና ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን ግን ደብተራችሁ ላይ እንጂ ዕቃው ላይ እንዳትጽፉ። መጠኑን ለኩ፣ የተቀደደውንና የጎደለውን ጻፉ፣ ማን እንደሰጠው ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ብራና ከሆነ ቅጠሉን ቁጠሩ፤ የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውንና ሥዕል ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሱ። ፍላሹን አጥፉ። ኅዳጉንና ባዶ ገጹንም አትለፉ፤ የጸሐፊው ወይም የባለቤቱ ስም፣ የመሬት ስጦታና የርስት ውል ሳይቀር እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ጽላቱና መቅደስ ውስጥ ያለው የካህናቱ ጉዳይ ነው፣ ወደዚያ አትሂዱ።

መዝገቡ ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ደብሩ ጋ፣ አንዱን ሀገረ ስብከት አስቀምጡ። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እንዳትለቁት! ቅርስ ሌባ እንደናንተው ስልክ አለው።

ሥራው አሰልቺ ነው። ግን እዚሁ ጎንደር ያለውን የአባ እንጦንስን ታሪክ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕሎች ከግድግዳው አውርዶ በምትካቸው አዲስ ቅጂ አስለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ከዚያ በፊትም ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ወደ መቅደላ ያስጋዟቸውን መጻሕፍት እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወስደዋል፤ ብዙዎቹ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የሚያናድደው ደግሞ እዚያ እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥርና ካታሎግ አለው። እኛ ጋ የቀረው ስንት እንደሆነ ጠይቁና መልሱን ስሙ።

ወደ ሥዕሉ እንምጣ። አሮጌ ሥዕልን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጠላት አይደለም፣ የሚወደው ምእመን ነው። ለበዓል እንዲያምር ብሎ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውለዋል፣ ቫርኒሽ ይቀባዋል፣ የደበዘዘውን ፊት በሚያብረቀርቅ የበር ቀለም «ያድሰዋል»። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። እንዲህ ዓይነት በጎ አድራጊ ሲመጣ በትሕትና አመስግኑና ገንዘቡን ወደ ጣሪያው አዙሩት። የምሬን ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የተሣለው በጨርቅ ላይ ነው፣ ጨርቁ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ስለዚህ ከላይ የሚያፈስ ውኃ ከጨርቁ ጀርባ ገብቶ ቀስ እያለ ይልጠዋል። ጣሪያውን ጠግኑ፣ አሸንዳውን ጥረጉ፣ የሌሊት ወፍ መግቢያውን ድፈኑ፣ ጧፍ የሚበራበትን ቦታ ከሥዕሉ አርቁ። በጭቃ የተሠራ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰንም ተዉት፣ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ሥዕሉን ራሱን መንካት የባለሙያ ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ጠይቁ። ይዘገያል፣ ጠብቁ።

ልጆቹን ደግሞ ሥዕል ማየት አስተምሯቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውሰዷቸው። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ማንም ያውቃቸዋል፣ በፖስትካርድም በቲሸርትም አሉ። እናንተ ግን ወደ ግድግዳው አዙሯቸውና «ሁለት ዓይኑ የሚታየው ማነው? አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጻድቁ ፊት ለፊት፣ ክፉው በጎን እንደሚሣል ራሳቸው ይደርሱበታል፤ እናንተ ቀድማችሁ አትንገሯቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የከተማዋን አድባራት ሲያቃጥል ይህች ቤተ ክርስቲያን እንደተረፈች ንገሯቸው፣ ንቦች አዳኗት የሚባለውን ታሪክ ግን ለአንድ አባት ተዉላቸው። እሳቸው ያምሩበታል። በሌላ ቀን ቁስቋም ውጡ፣ ስላሠራችው ስለ እቴጌ ምንትዋብ አውሩ። ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚባለው፣ ፊቱ በጥላ የተሞላውና ልብሱ በአበባ ያጌጠው፣ ከእሷ ዘመን ጋር የሚነሣ ነው። ከቅዳሴ ሰዓት ውጪ ሂዱ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

አዲስ ሥዕል ማሣል ካስፈለገ የታተመ ፖስተር ከመለጠፍ በፊት ትንሽ ታገሡ። ሠዓሊውንና ሊቃውንቱን አንድ ላይ አስቀምጡ። ታሪኩ ምን እንደሆነ፣ ማን የት እንደሚቆም ከሊቃውንቱ ይምጣ፤ እጁ የሠዓሊው ነው። ንድፉን እርሳስ ላይ እያለ እዩት፣ ቀለም ከገባ በኋላ «እጇን ትንሽ ከፍ አድርግልን» ማለት ሰው ማስቸገር ነው። ውል ጻፉ፣ ቀብድ ክፈሉ። የሰጪው ነገርም ይነሣል፤ ምንትዋብ ጣና ደሴት ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴ የተሣለችው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ነው። የኛ ጊዜ ባነር ላይ የስፖንሰሩ ፎቶ ከመልአኩ ይበልጣል፣ እባካችሁ።

ቅኔ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ማኅሌት ላይ ቅኔ ይዘረፋል፣ ሊቃውንቱ ይደሰታሉ፣ ሕዝቡ ነጠላውን አስተካክሎ ይቆማል። ምን እንደተባለ ግን አልገባውም። መምህሩን ለምኑና እሑድ ከሰዓት አንድ ጉባኤ ቃና ይስጧችሁ። ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ አይከብድም። በግዕዝ ይበሉት፣ ሰሙንና ወርቁን በአማርኛ ይፍቱት፣ ከዚያ ወጣቱ ይጠይቅ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ኢኮውን ከማይኩ ላይ አጥፉት፣ ቅኔ ቃሉ ካልተሰማ ምን ሊሆን ነው። ሲፈቅዱም ቅዱት፣ ሳይፈቅዱ አይሆንም። ለመምህሩ ውለታ፣ ለቆሎ ተማሪዎቹም የወር ቀለብ ከበጀቱ መድቡ፤ ቅኔያቸውን እያደነቁ ጦማቸውን ማሳደር ነውር ነው።

መሰንቆስ? እዚህ ላይ ትጣላላችሁ፣ ተዘጋጁ። በገና ላይ ማንም አይከራከርም፣ መሰንቆ ሲባል ግን ለብዙ አባቶች አዝማሪ ቤት ነው የሚታያቸው። ዳዊት በመዝሙሩ መሰንቆን በስሙ ይጠራዋል፣ ያ እውነት ነው፤ ሆኖም ቅዳሴና ማኅሌት የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው፣ እዚያ ውስጥ አታስገቡት። እኔ የምመርጠው አዳራሽ ውስጥ፣ ከአገልግሎት ሰዓት ውጪ፣ አንድ ጥሩ አዝማሪ ጋብዞ ቅኝቱን እንዲያስረዳና እንዲያስተምር ማድረግ ነው። ጎንደር ተወልዶ አንቺሆዬን ከባቲ የማይለይ ልጅ በዝቷል። አስተዳዳሪውን ግን ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት አስፈቅዱ። ከተለጠፈ በኋላ «ልናሳውቅዎ ነው» ማለት ነገሩን ያበላሸዋል።

ስለ ጥምቀት ብዙ አልልም፣ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ካሜራው ራሱ በዝቷል። እናንተ የምትጨምሩት ከእንግዳው አጠገብ ቆሞ የሚያስረዳ ወጣት ነው፤ ታቦቱ ለምን ፋሲል መዋኛ እንደሚያድር፣ ወረቡ ምን እንደሚል፣ የት ቆሞ ፎቶ ማንሣት እንደሚቻል። እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ችግር የለም።

ሁሉን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ምዝገባውን ከፋሲካ በኋላ ያዙት፣ ከመስከረም እስከ ጥር ያለው በዓል ፋታ አይሰጥም። ሰኔ ሲገባ ከደብተሩ ጋር ግድግዳ ግድግዳውን ዙሩ። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ ዝናቡ ራሱ ያሳያችኋል።