የባሕር በረዶን ከሳተላይት ስንለካ፦ ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

መስከረም ሲጠባ የአርክቲክ በረዶ ዜና ይበዛል። ከዜናው ጀርባ ያሉት እ.ኤ.አ. ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ ከሳተላይት የሚለኩ የማይክሮዌቭ ሴንሰሮች ናቸው። ቁጥራቸውን ስናነብ ግን ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን።

ሳተላይቱ ማይክሮዌቭ ይልካል ብሎ ማሰብ። የሚልከው ራዳር የሚባለው ሌላ መሣሪያ ነው። እነዚህኞቹ ባሕሩና በረዶው ራሳቸው የሚያወጡትን ደካማ ጨረር ብቻ ይቀበላሉ። ስለዚህ የዋልታው የክረምት ጨለማ አያግዳቸውም፤ ደመናም ብዙ አያስቸግራቸውም።

በረዶ ቀዝቃዛ ሆኖ ይታያል ብሎ መገመት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሴንሰሮቹ ከሚለኩባቸው የሞገድ ድግግሞሾች በአንዱ፣ በ19 ጊጋኸርትዝ አካባቢ፣ ውሃ ጨረር የሚያወጣው በስስት ነው፤ በረዶ ግን አይሰስትም። በሴንሰሩ ዓይን ቀዝቃዛው ውሃው ነው፤ ልኬቱም የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሁለቱን አቆጣጠሮች ማምታታት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ካርታው 25 በ25 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፈላል እንበል፤ አንዱ 625 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ 15 በመቶው ብቻ በረዶ ቢሆን፣ አንደኛው አቆጣጠር (በእንግሊዝኛ extent) ሙሉውን 625 ይደምራል፤ የሚተወው ከ15 በመቶ በታች በረዶ ያለውን ካሬ ብቻ ነው። ሌላኛው (area) በረዶውን ብቻ፣ 94 ገደማ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመዘገበው ዝነኛው ዝቅተኛ ቁጥር፣ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመጀመሪያው መንገድ የተቆጠረ ነው። አንዱን ዓመት በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ለክቶ «በረዶው አገገመ» ማለት ቀላል ነው። ግራፍ ከማጋራትዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይዩ።

የበጋውን ቁጥር እንዳለ መዋጥ። በበጋ የቀለጠ ውሃ በረዶው ላይ ይተኛል። ሥሩ ሁለት ሜትር በረዶ ቢኖርም ለሴንሰሩ ኩሬውም ባሕሩም ያው ውሃ ነው፤ በረዶው ካለው አንሶ ይለካል። ብዙዎች የመጀመሪያውን አቆጣጠር የሚመርጡት ለዚህ ነው። ኩሬ የበዛበት ካሬም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 በመቶ አይወርድም።

ዳርቻውን ማመን። የሴንሰሩ አንድ እይታ በአስሮች ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ የብስና ባሕር ይደባለቃሉ፤ የሌለ በረዶም ብቅ ይላል። ውፍረትንም ከዚህ አይጠብቁ። ለሱ ክራዮሳት-2 እና አይስሳት-2 የሚባሉ ሌሎች ሳተላይቶች አሉ።

በአንድ ሳምንት ዝላይ መደንገጥ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ አንድ ሴንሰር ቀስ በቀስ ሲዛባ የአርክቲክ በረዶ በ500 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ አንሶ ታየ። በረዶው ግን የትም አልሄደም። የአሜሪካው ብሔራዊ የበረዶ መረጃ ማዕከል ስህተቱን ይፋ አድርጎ የሌላ ሳተላይት መረጃ መጠቀም ጀመረ።