ስትሪንግ ስትቀጥሉ ክምሩን አታፍርሱ

ደብረ ብርሃን ላሉ አንድ የእህል ነጋዴ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም በጃቫ ቋንቋ ሠርቼላቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ይበር ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን የሁሉንም ሽያጭ ዝርዝር ባንዴ አውጣልኝ አሉ። ተጫንኩ። ዝም። ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ ይሄም እንደኛ ብርድ ያዘው እንዴ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሉፕ ውስጥ፣ ማለትም ያንኑ ሥራ ደጋግሞ በሚሠራው የኮድ ክፍል፣ መስመሩን ሁሉ በፕላስ (+) ነበር የምቀጥለው።

ጃቫም ሆነ ፓይተን የሚባለው ሌላው ቋንቋ ላይ ስትሪንግ፣ ማለትም የፊደሎች ድርድር የሆነ ጽሑፍ፣ አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም። በፕላስ ስትቀጥሉ አሮጌውም አዲሱም ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ ይደረጋሉ። ነዶ በመጣ ቁጥር የገብሱን ክምር አፍርሶ ሌላ ቦታ እንደ አዲስ የሚከምር ገበሬ አይታችኋል? እኔ ያንን ነበር የማደርገው። 40,000 መስመር ነበር፣ አንዱ 50 ፊደል ገደማ። ሪፖርቱ 2 ሚሊዮን ፊደል ቢሆን ነው። እዚያ ለመድረስ ግን 40 ቢሊዮን ያህል ፊደል ኮፒ ተደርጓል።

ጃቫ ላይ ከሉፑ በፊት ጽሑፍ ማጠራቀሚያ የሆነ አንድ ስትሪንግቢልደር (StringBuilder) ፍጠሩ። ሉፑ ውስጥ አፔንድ (append) በሚባለው ትእዛዝ ጨምሩበት። ሲያልቅ ሙሉውን ስትሪንግ የሚያወጣውን ቱስትሪንግን (toString) አንዴ ጥሩት፣ በቃ። ቢልደሩ ትርፍ ቦታ ይይዛል፤ ሲሞላ በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ካልነገራችሁት የሚጀምረው በ16 ፊደል ቦታ ነው፤ ስለዚህ መጠኑን ከገመታችሁ ሲፈጠር ስጡት። አፔንድ ውስጥ መልሳችሁ በፕላስ አትቀጥሉ፤ ይሄን ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ስምና የአባት ስም ለማገናኘት ግን ቢልደር መክፈት ቅብጠት ነው። ፕላስ ይበቃል።

ፓይተን ላይ ቁርጥራጮቹን ሊስት (ዝርዝር) ውስጥ አጠራቅሙና መጨረሻ ላይ ጆይን (join) በሚባለው ትእዛዝ አንዴ አያይዟቸው። በቁርጥራጮቹ መሃል የሚገባው መለያያ፣ ለምሳሌ ነጠላ ሰረዝ፣ ከፊት ይጻፋል፣ ሊስቱ ቅንፍ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠለዋ ትርፍ ነጠላ ሰረዝም ትቀርላችኋለች። ሊስቱ ውስጥ ቁጥር ካለ ግን ስህተት ብሎ ይቆማል፤ መጀመሪያ ወደ ስትሪንግ ለውጡት።

ደግሞ በሊስት ፈንታ አንድ ቃል ብትሰጡት ስህተት አይልም፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ይለያየዋል። ይሄን ያወቅኩት ጋሼ ደረሰኝ ላይ «ገ፣ ብ፣ ስ» የሚል ወጥቶ ደንበኛው ምን ዓይነት እህል ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ነው።