ከፐልሱ ጠርዝ በኋላ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ እንዴት እንዳጠፋሁት

ኢንዳክተርና ቫራክተር ዳዮድ (ካፓሲታንሱ፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅሙ፣ በቮልቴጅ የሚለዋወጥ ዳዮድ) በተደረደሩበት መስመር የፐልሱ (የአጭር ቮልቴጅ ምቱ) ጠርዝ ስል ሆኖ ይወጣል፣ ከኋላው ግን መንቀጥቀጥ (የቮልቴጅ መወዛወዝ) አለ። መጨረሻው ላይ ያለውን ሬዚስተር ጠረጠርኩ፤ ደህና ነው። ጣጣው መስመሩ ራሱ ነው። ሪቨርስ ቮልቴጁ (ዳዮዱን የሚዘጋው) ሲጨምር የዳዮዱ ካፓሲታንስ ስለሚቀንስ የፐልሱ አናት ከግርጌው ይፈጥንና ጠርዙን ያሾለዋል፣ ጠርዙ የመስመሩን የፍሪኩዌንሲ ጣሪያ (መስመሩ ከዚያ በላይ የማያሳልፈውን) ሲነካ ግን ጉልበቱ ወደ መንቀጥቀጥ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ክፍል (አንድ ኢንዳክተርና አንድ ዳዮድ) በ2.5 ናኖሄንሪና በ1 ፒኮፋራድ ጣሪያው ወደ 6.4 ጊጋኸርዝ ነበር። ሁለቱንም በግማሽ ቀነስኩ፦ ጣሪያው 12.7 ጊጋኸርዝ ገባ፣ ኢምፒዳንሱ (መስመሩ ለፐልሱ የሚያሳየው ተቃውሞ) እዚያው 50 ኦም። መንቀጥቀጡ ከሞላ ጎደል ጠፋ። የክፍሎቹን ቁጥር ግን እጥፍ አድርጉት፣ አለዚያ ጠርዙ ለመሾል ርቀት አያገኝም (ብየዳው ያሰለቻል!)። ባያሱንም (ዳዮዱ ላይ ቀድሞ የሚጫነውን ቋሚ ቮልቴጅ) እዩት፤ ፐልሱ ዳዮዱን ወደ ፎርዋርድ (ከረንት ወደሚያስተላልፍበት አቅጣጫ) ከገፋው ሁሉም ገደል ገባ።